ያጠብኳቸው ጠርሙሶች

ጡረታ የወጣሁት በስልክ ነው። ዶክቶራ ኒዕማት ከካይሮ ደወሉልኝ። ጤናዬን ጠየቁ፣ ውሃና መብራት መምጣት አለመምጣቱን ጠየቁ፣ ከዚያ «መዲና፣ ዩኒቨርሲቲው የእኔንም የአንቺንም ፋይል ዘግቶታል። ከዛሬ ጀምሮ ሁለታችንም ሥራ ፈት ነን» አሉኝና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሱዳኑ ጦርነት የጀመረ ቀን የላቦራቶሪው ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ገዳሪፍ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ከርሜ ወደ ካርቱም ስመለስ ቁልፉ አለ፣ በሩ የለም። ከዚህ በኋላ ጡረታ ወጣሽ ብሎ መንገር ለሞተ ሰው ታመሃል እንደማለት ነው።

«እንግዲያው ጻፊው» አሉኝ ዶክቶራ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስትሰሚ ኖረሻል፤ አሁን ደግሞ የራስሽን እንስማ።» እሺ አልኩ። እሳቸውን እምቢ ማለት ድሮም አልችልበትም። ምስጋና እንደሚበዛበት ከአሁኑ ልናገር፤ ጥፋቴንም አልደብቅም።

ትውልዴ ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ነው። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬ፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ሴቶች በመተማ በኩል ካርቱም ገባሁ። መጀመሪያ አል-ጣኢፍ የሚባል የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጠርኩ። ስለዚያ ቤት የማመሰግነው ዐረብኛ መማሬን ብቻ ነው፤ እሱንም የተማርኩት በስድብ ነው። ቆይቶ አንዲት የአገሬ ልጅ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ ዶክቶራ ኒዕማት ቤት አስገባችኝ።

ዶክቶራ የአካባቢ ጥበቃ መምህር ናቸው፤ ወንዝ፣ አፈር፣ የጉድጓድ ውሃ ያጠናሉ። ከማስተርስ ተማሪዎቻቸው ጋር ወጥተው የሚያመጡትን ጭቃ በብልቃጥ እያደረጉ የወጥ ቤቱን መስኮት ሞልተውት ነበር። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ቆሻሻ መስሏት አንዱን ረድፍ ደፍታባቸዋለች አሉ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። መስኮቱ አቧራ ለብሶ አላስችል ቢለኝ ብልቃጦቹን አወረድኩ። ከማውረዴ በፊት ግን በእያንዳንዱ ሥር ወረቀት ለጥፌ የቆመበትን ቦታ ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩበት፤ ወልውዬ ስጨርስ በየቦታቸው መለስኳቸው። ዶክቶራ ከሥራ ሲመለሱ አንዱን አንስተው ገለበጡና ቁጥሩን አዩ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። የሰው ዕቃ ሳጸዳ ከነበረበት ነው የምመልሰው።»

ከሳምንት በኋላ «ያላ፣ እንሂድ፣ ልበሺ» ብለው በመኪናቸው ዩኒቨርሲቲ ወሰዱኝ። የላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዙ ከቤት ሥራው ብዙም አይሻል፤ ለኢቃማዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ በየዓመቱ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱት ግን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በመካከሉ አንድ የክፍል ኃላፊ መጥቶ «ይቺ ሴት ሻይ ታፍላ እንጂ ጠርሙስ ምን አገባት» ብሎ ነበር። አፈላሁለት፣ ያለ ስኳር። ሱዳናዊ ያለ ስኳር ሻይ ከቀረበለት ሁለተኛ አያዝሽም።

ከመጥረጊያው ወደ ወንዙ የተሻገርኩት ቀስ በቀስ ነው። ዶክቶራ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ጥቁር ዓባይ ሲወርዱ የበረዶ ሳጥኑን እንድይዝ ይወስዱኝ ጀመር። እያየሁ ተማርኩ። ጠርሙሱን ከመሙላትሽ በፊት በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ታለቀልቂዋለሽ። አፉን ውሃው ወደሚመጣበት ታዞሪያለሽ፣ እጅሽ ከኋላ ይሆናል፤ አለዚያ የምትለኪው ወንዙን ሳይሆን የእጅሽን እድፍ ነው። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ክረምት ላይ ወንዙ ከአገራችን አፈር ተሸክሞ ሲመጣ፣ ውሃው ማጥለያው ወረቀት ላይ ተኝቶ አልወርድም ይላል። አንዲት ብርጭቆ ለማጥለል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ተማሪዎቹ ሲነጫነጩ ዶክቶራ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች ረጅም መጎናጸፊያ፣ ሰብስበው አጠገባቸው ይቀመጡና አብረዋቸው ይጠብቃሉ። አይቆጡም፣ ወደ ቢሯቸውም አይሄዱም። አማካሪ ማለት አብሮ የሚጠብቅ ሰው ነው ብዬ የማምነው ከዚያ ተነስቼ ነው።

ጎበዝ የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ተማሪ አንድ ነገር አገኘሁ ብሎ ሲመጣ «በምን አወቅህ?» ይሉታል። ሲመልስ «እሱንስ በምን አወቅህ?» ይሉታል። ሦስተኛው ላይ ብዙዎቹ ላብ ያጠምቃቸዋል።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁሉ የሚሳቅበት። ማንኛውም ተማሪያቸው የጥናቱን ምዕራፍ ከማስረከቡ በፊት ለእኔ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ያለ ወረቀት ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት። «መዲና ራሷን ካልነቀነቀች ወደ እኔ አትምጡ» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ላይ እኔም እነሱም እንተፋፈር ነበር። አንድ ቁመቱ በር ላይ የሚያስጎነብሰው ልጅ መጥቶ የወንዝ ዳር ጡብ ምድጃዎች ስንት ማገዶ እንደሚፈጁ፣ ለም አፈሩን እንዴት እንደሚጨርሱ ነገረኝ። ጥሩ አድርጎ ነገረኝ። «ታዲያ ማገዶውን ቢከለከሉ ሰዎቹ ጡቡን በምን ያቃጥሉታል?» አልኩት። ጡብ ሠሪዎቹን አንድም ቀን አነጋግሯቸው አያውቅም ነበር። ለአንድ ወር ምድጃዎቹ ጋ ተመልሶ ሄዶ ሲመጣ ጽሑፉ ሌላ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ራሴን ለመነቅነቅ መፍጠን ተውኩ።

አሁን ወደ ኢማን ልምጣ።

ኢማን እናቷ የደሴ ልጅ፣ አባቷ ሱዳናዊ ነው። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ይደነቃቀፋል፣ ሲቸግራት በዐረብኛ ትሞላዋለች። እኔን ኻልቶ፣ ማለትም አክስቴ፣ ትለኛለች። ልጅ አልወለድኩም፤ ያቺን ልጅ ግን እንደ ልጄ ነበር የማያት፣ ምን ያስዋሸኛል።

ጥናቷ ስለ ፎስፌት ነበር። ፎስፌት ሳሙናና ማዳበሪያ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ወንዝ ላይ ሲበዛ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅልና ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ኢማን ሁለት ቦታ መረጠች። ላይኛው ማንም የማይደርስበት ነው። ታችኛው ደግሞ ምንጣፍ አጣቢዎችና ሻይ ሻጭ ሴቶች የሚውሉበት ዳርቻ ነው፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። የላይኛው ጠርሙሶች አንገት ላይ ነጭ ክር አሰርን፣ የታችኛው ላይ ቀይ። አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።

እነዚህ ጠርሙሶች የሚታጠቡት በአሲድ ነው፤ ከዚያ በእንፋሎት በተጣራ ውሃ ይለቀለቃሉ። የረጀብ ወር ሲገባ ዶክቶራ ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ሁለት ወር ወደ ውጭ ሄዱ። እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ አሲዱ አለቀ። ክፍሉ ታገሱ አለ። መብራቱ እየጠፋ ውሃ ማጣሪያው በቀን የሚሰጠን ከአንድ ጀሪካን አይበልጥም። ባለ ነጭ ክሮቹ ንጹሕ ሆነው ይመለሳሉ። ባለ ቀይ ክሮቹ ግን ቅባት ለብሰው፣ ሸትተው ይመጣሉ። ያን እያየሁ እንዴት ልተኛ? በራሴ ገንዘብ ዱቄት ሳሙና ገዛሁና ባለ ቀዮቹን ፈትጌ አጠብኳቸው። ባለ ነጮቹን ስላልቆሸሹ በውሃ ብቻ አለቀለቅኳቸው። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ሲያብረቀርቁ ሳይ ደስ አለኝ፤ በየሳምንቱ እንዲሁ አደረግኩ።

አሲዱ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ተማሪውን ሁሉ በጥያቄ የማስጨንቅ ሴት ይህችን አልጠየቅኩም፤ ማጠብ የማውቀው ሥራ ነዋ።

ናሙናው አልቆ ኢማን ለክታና ጽፋ ጨረሰች። ዶክቶራ ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ልታስረዳኝ መጣች። ፊቷ ግን እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። ውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርት አግኝታለች፤ የሚጠብቁት ይህን ጽሑፍ ብቻ ነው።

«ኻልቶ፣ ሹፊ፣ ተመልከቺ» አለችኝ። «የላይኛው ውሃ ዓዲ ነው፣ አልተለወጠም። የታችኛው ግን ከረጀብ ወዲህ ፎስፌቱ ወጣ፣ ወጣ፣ አልወረደም። ያዕኒ፣ ማለት፣ ከሚያጥቡት ሴቶች ነው። ከዚያ ይነሱ ብዬ ጽፌያለሁ። ማሕሊያውም፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው።»

«በረጀብ ምን ተለወጠ?» አልኳት።

ጠረጴዛውን እያየች «ማ ባዕሪፍ፣ አላውቅም ኻልቶ» አለች። «ሳሙና ረክሶ ይሆናል። ነቅንቂልኝ እንጂ።»

ረጀብ። ቀይ ክር። ሳሙና። ራሴን አልነቀነቅኩም። ራሴን አሞኛል፣ ነገ እንጨርሰዋለን አልኳትና ወጣሁ።

በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍሬ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ሰዓዳ የምትባል የወረባቦ ልጅ እዚያ ሻይ ትሸጣለች፤ ካርቱም አብረን ነው የገባነው። ከጎኗ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና «እዚህ በምንድን ነው የምታጥቡት?» አልኳት።

«በምን እናጥባለን? በዚህ ነዋ» ብላ የተቆረሰች ደረቅ ሳሙና አሳየችኝ። «ይቺ እኮ ሳምንት ታቆየኛለች። ምንጣፉን እንደሆነ ሳሙና አይፈጁበትም፤ እሱን ወንዙ ራሱ ይበቃዋል። ምነው፣ ካሻ ሊመጣብን ነው እንዴ?»

ካሻ የሚሏት የፖሊስ አፈሳ ናት። ሻይ ሻጭ ሴት ሁሉ ስሟን ስትሰማ ዕቃዋን ትቆጥራለች። «እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን የሚመጣ ከሆነ ከየት እንደሚመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚያ ተቀምጬ ነገሩን በሁሉም በኩል አየሁት። ዝም ብል ኢማን ትመረቃለች፣ ውጭ አገር ትሄዳለች፤ እኔም ሥራዬ ላይ እኖራለሁ፤ ማንም አያውቅም። ሰዓዳና ጓደኞቿ ግን ባልሠሩት ይነሳሉ። ብናገር ደግሞ የልጅቷ ዓመት ገደል ይገባል፣ እኔም ምናልባት ወደ አል-ጣኢፍ ቤቶች እመለሳለሁ። ፈራሁ። እንጀራዬም የምወዳት ልጅም በአንድ ጊዜ ሊሄዱብኝ ሲሉ ያልፈራሁ ምን ሊያስፈራኝ ነው?

ዶክቶራ በመጡበት ጠዋት ኢማን አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሳለ ገባሁና የሳሙናውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ባለ ቀይ ክሮቹን በዚህ ነው ያጠብኳቸው። ከረጀብ ጀምሮ» አልኩ።

ዶክቶራ አልጮሁም። ተነሱ፣ ከመደርደሪያው አንዱን ባለ ቀይ ክር ጠርሙስ አወረዱ፣ ከወንዝ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ የተጣራ ውሃ ሞሉበት። ጥቂት ቆይተው መለኪያውን መድኃኒት ጠብ ጠብ አደረጉበት። ፎስፌት ያለበት ውሃ በዚህ መድኃኒት ሰማያዊ ይሆናል። ሦስታችንም ቆመን አየነው። ውሃው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ።

ዶክቶራ ወደ ኢማን ዞሩ። «ባዶውን ጠርሙስ ለክተሽው ነበር?» አሉ። ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ በዚህ ዓይነት ንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ከሌሎቹ ጋር ወንዝ ወርዶ መመለስና መለካት አለበት፤ ጠርሙሱ ራሱ እንዳይዋሽ ማለት ነው። ኢማን በትንሽ ድምፅ «ውሃ ማጣሪያው አልሠራም ነበር» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝም።

ቁልፉን አውጥቼ ለዶክቶራ ዘረጋሁ። «ምን ልሥራው?» አሉኝ።

«ሌላ ሰው ይቅጠሩ።»

«ማንን? በካርቱም ውስጥ ከእንግዲህ ጠርሙስ በሳሙና እንደማታጥብ እርግጠኛ የምሆንባት ሴት አንቺ ብቻ ነሽ።» ከዚያ ተቀመጡና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል» አሉ። «ልጆቹን በምን አወቃችሁ እላለሁ፤ ለአንቺ ግን አሲዱ ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም።» የዚያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ እያንዳንዱ መድኃኒት፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደሆነ አስረዱኝ። ከዚያ በፊት ሠራተኛቸው ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ተማሪያቸውም ሆንኩ።

የውጭው ትምህርት ኢማንን አልጠበቃትም። ለስድስት ሳምንት ወደ ላቦራቶሪው አልመጣችም። በየሶላቱ ስለዚያች ልጅ አላህን ለመንኩ። ወንዙ መሙላት ሲጀምር አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ የበረዶ ሳጥኑን አንስታ «ያላ» ብቻ አለችኝ። ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አብረን ወረድን። መጀመሪያ ሳንነጋገር፣ ከዚያ ስለ ውሃው ብቻ፣ እያደር ስለ ሁሉም። ባዶውን ጠርሙስ አንድም ሳምንት አልዘለልንም። መጨረሻ ላይ የላይኛውና የታችኛው ውሃ ያን ያህል ልዩነት አልነበረውም። አብዛኛው ፎስፌት በክረምት ከአፈሩ ጋር የሚወርድ ነበር። «ጥፋተኛው የአገራችሁ አፈር ነው» ብለው ዶክቶራ ለሁለታችንም ቀለዱብን። ሴቶቹ ይነሱ የሚለው ገጽ ከጽሑፉ ወጣ። ሰዓዳ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ሻይዋን መሸጥ ቀጠለች። ኢማን ተመረቀች፤ ቆይቶም እዚሁ አገር ዶክትሬቷን ያዘች። ስለዚያ ዓመት ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ባለፈው ወር ኢማን ካርቱም መጣች። አሁን በሌላ ከተማ ታስተምራለች፣ የራሷ የማስተርስ ተማሪዎች አሏት። ከጦርነቱ በኋላ ሰው የሚጠጣውን የጉድጓድ ውሃ ሊመረምሩ ነው የመጡት። እኔ አል-ማንሺያ የዶክቶራን ቤት እየጠበቅኩ ነው የምኖረው፤ የመጀመሪያ ቀን ሥራቸውን ሲጨርሱ እዚያው አሳደርኳቸው። ተማሪዎቹ ሲያርፉ እኔና ኢማን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይፈራል ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳት።

«ኢማን፣ የዚያን ዓመት ነገር ይቅር ብለሽኛል ወይ? በእኔ ሳሙና ያ ትምህርት አመለጠሽ።»

ስትናገር ከ«ኻልቶ» በቀር ዐረብኛ አልቀላቀለችም፤ ቃል እየፈለገች በአማርኛ ነው የነገረችኝ።

«ኻልቶ፣ እኔ አውቄ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሳሙናውን። መታጠቢያው ላይ አይቼዋለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ ጠረጠርኩ። ባዶውን ጠርሙስ መለካት እችል ነበር፤ ለአንድ ጠርሙስ የሚሆን ውሃ አይጠፋም። ፈራሁ። መዲና ራሷን ከነቀነቀች ልክ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያን ቀን ወደ አንቺ የመጣሁት እንድትነቀንቂ ዱዓ እያደረግኩ ነው።»

«ያ ሁሉ ሳምንት ኩርፊያስ?»

«አንቺን አላኮረፍኩም። አንቺን ማየት አቃተኝ። ይቅር በይኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት በየሶላቱ ብቻዬን የተሸከምኩት ነገር ግማሹ የእሷ ኖሯል። ልሰድባትም አሰብኩ፣ በአል-ጣኢፍ ዐረብኛ። ግን ስታለቅስ አየኋት፤ ያቺ የበረዶ ሳጥን ተሸክማ በር ላይ የቆመችው ልጅ ለመመለስ ምን ያህል እንደከበዳት ያኔ ነው የገባኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት፣ ከልቤ ነው።

«ተማሪዎችሽ ያውቃሉ?»

«የሳሙናውን እነግራቸዋለሁ፤ በየዓመቱ። የእኔን አልነገርኳቸውም።»

«ነገ ንገሪያቸው። ውሃ ከመቅዳታቸው በፊት።»

ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተማሪዎቿን ሰብስባ ነገረቻቸው። እኔም ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ስትጨርስ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ጠርሙሶቹን የያዘችው፣ እጇን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ዶክቶራ» አለቻት ኢማንን፣ «እኔም ትናንት ባዶውን ጠርሙስ ሳልሞላው ነው የሄድኩት።»

የትናንቱን ውሃ ሁሉ ደፋንና ከመጀመሪያው ጉድጓድ እንደገና ጀመርን።